ለማስል ካር ሰፊ ጎማ ስትገጥሙ መጀመሪያ ከውስጥ ለኩ

ስለ አሮጌ ማስል ካር (ጉልበተኛ ሞተር ስላላቸው የድሮ የአሜሪካ መኪኖች) ወሬ ሲነሳ ብዙም ሳይቆይ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ከኋላ ስንት ቁጥር ጎማ ይገባለታል?» መልሱም ወዲያው ይጎርፋል። አንዱ 255 ይላል፣ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ማለቱ ነው። ሌላው 275 ገጥሜ ምንም አልነካም ይላል። ሦስተኛው 245 እንኳ ፓራፋንጎዬን ፋቀው ብሎ ያማርራል። የሚገርመው ሦስቱም እውነታቸውን ነው። መኪናው አንድ ዓይነት ነው፣ ጎማውም ቅርብ ለቅርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚለየው ቸርኬው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ነው። እሱን ደግሞ የጎማው ቁጥር አይነግራችሁም።

ሰው ሁሉ የሚያየው ከውጭ ነው። ፓራፋንጎው ስር ያለውን ክፍተት ያይና «እዚህ ጋ ገና ቦታ አለ» ይላል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ግን የተረፈው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ በኩል ነው፣ በጎማውና በባሌስትራው መካከል። ሰፊ ጎማ በደንብ የተቀመጠበት መኪና ስታዩ ባለቤቱ ይህን ቦታ በሚሊ ሜትር ለክቶ ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ስለዚህ ጎማም ቸርኬም ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ መኪናው ስር ግቡ። የዛሬው ጽሑፌ በአጭሩ ይኼው ነው፤ ቀሪው ዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ እነዚህ መኪኖች ለምን ቀጭን ጎማ ይዘው እንደወጡ እናንሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1960ዎቹ አጋማሽ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ፣ ስፋቱ 5 ወይም 6 ኢንች የሆነ፣ የተለመደ ነገር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኤፍ70-14 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ የጉልበተኛ መኪና ምልክት ሆነ። ፊደሉ የጎማውን መጠንና የመሸከም አቅም ነው የሚያሳየው፤ 70 የሚለው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። የ1969 የሸቭሮሌ ካማሮ ዚ/28 ባለ 15 በ7 ኢንች ቸርኬና ኢ70-15 ጎማ ይዞ ሲወጣ ለዘመኑ ሰፊ የሚባል ነበር። ዛሬ 7 ኢንች የአንድ ተራ የቤት መኪና ቸርኬ ስፋት ነው። እንግዲህ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ የተጻፈለት ሞተር፣ ክሩ በሰያፍ የተጠላለፈ የድሮ ባያስ ጎማ፣ ከስሩም ጠባብ ቸርኬ። ነዳጅ ስትረግጡ የኋላው ጎማ መሽከርከሩ አያስደንቅም።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሰፊ ጎማ መንገዱን የሚነካበትን ስፋት በእጥፍ አይጨምርም። መኪናው የሚጫነው ክብደትና በጎማው ውስጥ ያለው አየር እስካልተቀየሩ ድረስ መሬት የሚነካው ቦታ ጠቅላላ ስፋት ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ወደ ጎን ይረዝማል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጥራል። ይህ ኩርባ ላይ በደንብ ይረዳል፣ ለስለስ ያለ ላስቲክ መጠቀምም ያስችላል። ስለዚህ የላስቲኩ ጥራትና ዕድሜ ከስፋቱ እኩል ይቆጠራል። የደረቀ ሰፊ ጎማ አዲስ ቀጭን ጎማን አይበልጥም። ጎኑ ላይ ያለውን የምርት ቀን እዩ፤ ከ2000 ወዲህ የተሠራ ከሆነ አራት አሃዝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባክስፔሲንግ።

ቸርኬውን ያለ ጎማ ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ አጋድሙት። ጀርባው ወደ ላይ ይሆናል። አንድ ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጣውላ በጀርባው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስቀምጡ። ከዚያ ከብረቱ ስር አንስታችሁ ቸርኬው ከመኪናው ጋር እስከሚጋጠምበት ገጽ ድረስ ቁልቁል ለኩ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉበት ገጽ ማለቴ ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ባክስፔሲንግ ይባላል። ቸርኬው ከመግጠሚያው ገጽ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ሲባል 8 ኢንቹ የሚለካው የጎማው ጠርዝ ከሚቀመጥበት እስከሚቀመጥበት ነው፣ ማለትም ከውስጥ ለውስጥ። ከዳር እስከ ዳር ብትለኩት 9 ኢንች ገደማ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የባለ 8 ቸርኬ መሃል 4 ሳይሆን 4.5 ኢንች ላይ ነው። መግጠሚያው ገጽ ልክ መሃሉ ላይ ከሆነ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው ይባላል። የአዲስ መኪና ቸርኬ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ኦፍሴት ይኼው ነው፤ ከመሃሉ ወደ የት እንደሸሸ ነው የሚናገረው። ለአሮጌ መኪና ቸርኬ የሚሸጡት ግን አሁንም ባክስፔሲንግን በኢንች ነው የሚያወሩት። ሁለቱንም መቀየር መቻል አለባችሁ። ከባክስፔሲንጉ ላይ የጠቅላላውን ስፋት ግማሽ ስትቀንሱ የሚተርፈው ኦፍሴቱ ነው፣ አንድ ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አሁን መኪናው ላይ ያለው ባለ 7 ኢንች ቸርኬ፣ ባክስፔሲንጉም 4 ነው እንበል። ወደ ባለ 8 ልትቀይሩ ፈለጋችሁ። የምትጨምሩት አንድ ኢንች ነው። ባለ 8 ሆኖ ባክስፔሲንጉ 4 የሆነውን ከገዛችሁ አንዱ ኢንች በሙሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። 5 የሆነውን ከገዛችሁ በሙሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባሌስትራው ይሄዳል። 4.5 ከሆነ ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይከፈላል። ሦስቱም ካታሎግ ላይ «15 በ8» ተብለው ነው የሚጻፉት፣ ፎቶአቸውም አንድ ነው። አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ባሌስትራ ይመታል፣ አንዱ እንደ ልብስ ልክ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው ያማረውን ቸርኬ መጀመሪያ ይገዛና ለእሱ የሚሆን ጎማ ፍለጋ ይወጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ቦታውን ለኩ። ከዚያ ለቦታው የሚሆነውን ጎማ ምረጡ። ቸርኬው የመጨረሻ ነው፤ ስፋቱ ለጎማው የሚስማማ፣ ባክስፔሲንጉ ለመኪናው የሚስማማ። መልኩ የፈለጋችሁት ይሁን፣ የአምስት እግሩ ቶርክ ትረስት በሉት፣ የሚያብለጨልጨው ክሬገር በሉት፣ ማግነም 500 በሉት። ዛሬ አብዛኞቹ በተለያየ ስፋትና ባክስፔሲንግ ይሠራሉ።

የኋላውን አለካክ እንይ። መኪናው በራሱ ክብደት ባሌስትራው ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ክሪክ አግብታችሁ ካነሳችሁት በኋላ ማቆሚያ ብረቱን ከሻንሲው ስር ሳይሆን ከዲፈረንሻሉ አክስል ስር አድርጉት። ሻንሲው ላይ ካቆማችሁት አክስሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ልኬታችሁም ሁሉ ዋጋ የለውም። ጎማውን ፍቱት። ታምቡሩ ፊት ላይ ቀጥ ያለ ብረት ወደ ላይ አቁማችሁ እሱን መነሻ አድርጉ። ከዚህ መነሻ ወደ ውስጥ እስከ ባሌስትራው፣ እስከ ጎማ ቤቱ ግድግዳ፣ እስከ አሞርዛተሩና እስከ ማርሚታው ቱቦ ለኩ። ወደ ውጭ ደግሞ እስከ ፓራፋንጎው የውስጥ ከንፈር ለኩ። አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። የጎማ ቤቱ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ከፊት በኩል ጠበብ ሊል ይችላል። የምትገጥሙት ጎማ ቁመት በሚደርስበት ከፍታ ሁሉ እየዞራችሁ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን ሄዳችሁ ድገሙት። ይህን የምለው በትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በዚያ ዘመን አካሉም አክስሉም ዛሬ በምናውቀው ጥራት አልተገጣጠመም። የግራው ከቀኙ በ6 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴ ከ10 በላይ ሊለያይ ይችላል። እኔ የምነዳው 1968 ካማሮ ላይ አንዱ ጎን ከሌላው ጠበብ እንደሚል በዓይን ሳይቀር ይታያል። የምትገዙት ጎማ ለጠባቡ ጎን የሚሆነውን ነው። ከዚህ ላይ የ50 ዓመት ግጭትና የቀጥቃጭ ሥራ ጨምሩበት፤ ከስር አዲስ ላሜራ የተበየደበት ፓራፋንጎ ከፋብሪካው ልክ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ሌላ ሰው መኪና ላይ የገባ ጎማ የእናንተው ላይ ላይገባ የሚችለው ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሩን ወደ ጎማ እንቀይረው። 255/60አር15 የሚል ጎማ ስፋቱ ወደ 255 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስፋት የሚለካው በተወሰነ ስፋት ቸርኬ ላይ ተገጥሞ ነው፤ ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲሰፋ ጎማውም ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ኦፍሴቱ ዜሮ ከሆነ ስፋቱ እኩል ይከፈላል፣ ማለትም ከመግጠሚያው ገጽ ወደ ውስጥ 127 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭም 127። የኋላው ባሌስትራ ከሆነ ከውስጥ በኩል ቢያንስ 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ጥሩ ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ 140 ሚሊ ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ካላገኛችሁ ይህ ጎማ በዚህ ቸርኬ አይሆንም። ባክስፔሲንጉን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ግን የቀነሳችሁት ሁሉ ወደ ውጭ እንደሚወጣ አትርሱ። ከውጭ በኩል ደግሞ ከውስጡ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት ያስፈልጋል፣ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው ስለታሙን የፓራፋንጎ ከንፈር ነውና።

ክፍተት ለምን እንተዋለን? ባሌስትራ አክስሉን ወደ ጎን አጥብቆ አይዝም። ኩርባ ላይ አካሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ አክስሉ ይቀራል። ቆሞ ሲታይ በጣት የሚያልፍ ክፍተት መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ቻርጀር፣ ቻሌንጀር ከኋላ ባሌስትራ ናቸው። ሸቬልና ጂቲኦ ግን ሞላ ነው ያላቸው፣ አክስሉንም አራት ክንዶች ይይዙታል። በእነሱ ላይ ከውስጥ የሚገድባችሁ የጎማ ቤቱ ግድግዳና ሻንሲው ነው። የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸቬል ላይ 275/60አር15 የሚያስገቡ ብዙዎች የሆኑት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ካማሮ ላይ ግን 275 ለማስገባት ከመለካት ያለፈ ሥራ ይጠይቃል።

«ከመለካት ያለፈ ሥራ» ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ደረጃ የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር ማጠፍ ነው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ላሜራ ነው፣ እሱን ወደ ላይ ማስተኛት ጥቂት ጠቃሚ ሚሊ ሜትሮች ይሰጣል። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ሙቀት እየሰጡ፣ ቀስ እያሉ፣ በብዙ ዙር ነው የሚታጠፈው። በመዶሻ የሚቸኩል ሰው ዘንድ አትውሰዱት። ከዚያ የሚቀጥለው የጎማ ቤቱን ግድግዳ እስከ ሻንሲው ድረስ ወደ ውስጥ ማስፋት ነው። ባሌስትራውንም ወደ ውስጥ ማዛወር ይከተላል። ከዚያም በላይ አክስሉን ማሳጠር አለ። እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ይጠራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ላሜራው ሳይነካ እዚህ የደረሰ መኪና ከሆነ ከንፈሩን ከማጠፍ አታልፉ። እንደዚያ ያለ አካል ተቆርጦ አይመለስም። ቀድሞ የተቆረጠና የተበየደ መኪና ከሆነ ግን፣ ጥሩ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ አስፉት፤ ውጤቱ ያምራል፣ መንገድም ይይዛል።

የፊቱ ሌላ ዓለም ነው። የኋላው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። የፊቱ ይህን ሁሉ እያደረገ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይዞራል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰፊ ቦታ ያለው ጎማ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የኋላ ጠርዙ ሻንሲውን ወይም ስታብላይዘር ባሩን ይነካል፣ የፊት ጠርዙ ደግሞ የፓራፋንጎውን የታችኛውን ጥግ። ከዚያ ላይ እየዞራችሁ ጉድጓድ ስትገቡ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን በአንድ ቦታ ለክቶ መጨረስ አይቻልም። መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞራችሁ፣ በየመሃሉ የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) በክሪክ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ እየገፋችሁ ነው የሚታየው። አንዳንዱ ሞላውን አውጥቶ ነው የሚለካው፣ እሱ የተሻለ ነው። ነገር ግን የታፈነ ሞላ ሰው ይገድላል። ማውጫ መሣሪያው ከሌላችሁ አትሞክሩት፣ ለሚያውቅ ስጡት።

የመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች ከፊት በኩል ጠበብ ይላሉ። በተለይ የ1965ና የ1966ቱ። የፊት ሞላቸው ከላይኛው ብራቾ በላይ ስለሆነ የሞላው ማማ ወደ ሞተሩ ክፍል ገብቶ ይቆማል፣ የጎማ ቤቱም አብሮ ይጠብባል። እነሱ ላይ ከፊት 225 መግጠም ከቻላችሁ ደስ ይበላችሁ። ካማሮ ላይ 235/60አር15 በ7 ኢንች ቸርኬ የታወቀ ምርጫ ነው።

ፊት ላይ ቦታ ሲጠፋ የሚመጣው ፈተና ቸርኬውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ይታያል፣ ያምራል፣ ሻንሲውንም አይነካም። መሪው ግን ይቀየማል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ሲዞር የሚዞርበት አንድ ሰያፍ መስመር አለ፣ በላይኛውና በታችኛው ቴስቲና (የብራቾዎቹ ጫፍ ላይ ባለው የኳስ መጋጠሚያ) መሃል የሚያልፍ። ያ መስመር መሬት የሚነካበትና የጎማው መሃል መሬት የሚነካበት ቦታ በተራራቁ ቁጥር መንገዱ መሪውን ከእጃችሁ መንጠቅ ይጀምራል። ጉድጓድ ስትመቱ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬን ስትይዙ አንዱ ጎን ከጎተተ በደንብ ይሰማችኋል። የጎማው ኩሽኔታም ከተሠራለት ቦታ ራቅ ብሎ ክብደት ይሸከማል፣ ዕድሜው ያጥራል። ፓወር የሌለው መሪ ከሆነ ደግሞ ለማቆም ማዞር ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ከፊት ስፋት አትሹ። ከኋላ ሰፋ ያለ፣ ከፊት ልከኛ። መልኩም የሚያምረው እንደዚያ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ ፊቱን የሚለውጠው አላይመንት፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ማስተካከያ፣ ነው። የፋብሪካው ቁጥር የተጻፈው ለባያስ ጎማ ነው፣ ያውም ፓወር የሌለው መሪ እንዲቀል ተብሎ። ዛሬ የምትገጥሙት ራዲያል ነው፣ ክሩ በሰያፍ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚያልፍ። ራዲያል የላይኛው ቴስቲና ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ይወዳል፤ ይህ ዘንበል ማለት ካስተር ይባላል፣ የቻለውን ያህል ስጡት፣ ፓወር መሪ ካላችሁ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ፖዘቲቭ ቢደርስ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካምበሩም፣ ማለትም የጎማው አናት፣ ወደ ውስጥ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል። ካማሮና ሸቬል ላይ ይህ የሚስተካከለው ከላይኛው ብራቾ ዘንግ ጀርባ በሚገቡ ስስ ላሜራዎች ነው። ሁለቱን ብሎኖች ፈታ አድርጎ ከፊተኛው አውጥቶ ወደ ኋለኛው መጨመር ነው። በድሮ ቁጥር አስተካክሎ ሊሸኛችሁ የሚፈልግ አይጠፋም፤ የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ባያስና ራዲያልንም አንድ መኪና ላይ አትቀላቅሉ።

የብሎን ነገር። የጂኤም (ጀነራል ሞተርስ) ካማሮና ሸቬል 5 ብሎን በ4.75 ኢንች ክብ ላይ ናቸው። ባለ ቪ8 ሙስታንግ 5 በ4.5 ነው፣ የ1965ቱና የ1966ቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር ግን አራት ብሎን ብቻ ነው ያለው። ትላልቆቹ ሞፓሮች (እንደ ዶጅ ያሉት የክራይስለር መኪኖች) 5 በ4.5 ናቸው፣ እንደ ዳርት ያሉት ትናንሾቹ ግን እስከ 1972 ድረስ 5 በ4 ነበሩ። የድሮ ሞፓር ግራ ጎን ላይ ብሎኑ በተቃራኒው የሚፈታ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ በረጅም ቁልፍ የታገለ ሰው ብሎን ሰብሯል። አንዳንድ የድሮ ቸርኬዎች ደግሞ ለብዙ መኪና እንዲሆኑ ቀዳዳቸው ሞላላ ነው፣ ልዩ ሮንዴላ ይፈልጋሉ። ሮንዴላው ከሌለ ወይም ተገልብጦ ከገባ ቸርኬው መሃሉን አይዝም። ዳዶውም እንደ ቸርኬው ነው። ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ሾጣጣ ዳዶ፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ባለ ሮንዴላ ረጅም አንገት ዳዶ ይፈልጋል። የአሉሚኒየም ቸርኬ መግጠሚያው ከብረቱ ስለሚወፍር የድሮው ብሎን ሊያጥር ይችላል። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ ይዞ መግባት አለበት፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ከሆነ 12.7 ሚሊ ሜትር ጥርስ። ካልደረሰ ረጅም ብሎን ቀይሩ። ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ማራቂያ) የምታስገቡም ከሆነ ሕጉ ያው ነው።

15 ወይስ 17 ኢንች? ለዓይን 15 ነው የሚስማማው፣ ነጭ ፊደል ያለበት ጎማ በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲሆን የእነዚህ መኪኖች መልክ ይሟላል። ጥሩ የሚይዝ ዘመናዊ ላስቲክ ግን በ15 ብዙ ምርጫ የለውም። ከሚሸጡት ባለ ነጭ ፊደሎች ውስጥ ኤስ የሚል የፍጥነት ምልክት ያላቸው አሉ፣ ጣሪያቸው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባ የምትወዱና ትልቅ ዲስክ ፍሬን የምትገጥሙ ከሆነ ግን 17 ላይ መግባት ይሻላል፤ ትልቁ ፍሬን ብዙ ጊዜ በ15 ውስጥ አይገባም። 245/45አር17 ቁመቱ 652 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 235/60አር15 ደግሞ 663። ከሩቅ ሲታዩ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። ከታምቡር ወደ ዲስክ የምትቀይሩ ከሆነ ግን ፍሬኑን መጀመሪያ ግጠሙ፣ ከዚያ ለኩ። አንዳንዱ የዲስክ ኪት ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቀድማችሁ የለካችሁት ይበላሻል።

ቁመት ከስፋት ጋር አብሮ ይመጣል፣ እሱም ሒሳብ አለው። ከኋላ 26 ኢንች ቁመት የነበረውን ወደ 28 ከቀየራችሁ ጎማው በ7.7 በመቶ አድጓል። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ምጣኔ 3.73 ከነበረ እንደ 3.46 ይሆንባችኋል፣ ከቆመበት ሲነሳ ትንሽ ይከብደዋል። በረጅም መንገድ ግን ሞተሩ ረጋ ይላል። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 100 ሲያሳያችሁ እውነተኛው 107 ወይም 108 ነው። በካምቢዮው በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ በመቀየር ይስተካከላል።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እያዘዋወራችሁ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ፣ በተለይ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይላላል። ዝናብ ላይ ተጠንቀቁ። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ከቀጭኑ ይፈጥናል፣ የቀደመ ልምዳችሁ እዚያ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ሰው ጭናችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ ንዱት። ስትመለሱ በባትሪ መብራት የጎማ ቤቱን ውስጥ እዩ። ጎማ የነካው ቦታ ላይ ቆሻሻው ተጠርጎ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ይታያል፣ ጎማው ጎን ላይም ተመሳሳይ የተላገ ክብ ታገኛላችሁ። የፓራፋንጎው ከንፈር ላይ ከሆነ ማጠፍ ነው፣ ወይ ባክስፔሲንጉ ትንሽ በዛ ያለ ቸርኬ። ከውስጥ በኩል ሆኖ ኩርባ ላይ ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ቸርኬውን ከመክሰሳችሁ በፊት የባሌስትራውን ጎሚኒዎች እዩ። የደረቀና የተበላ ጎሚኒ አክስሉን ከሚገባው በላይ ያንሸራትተዋል። ቀይሯቸውና መኪናውን ትንሽ ንዱት፣ ባሌስትራው ይቀመጥ፣ ከዚያ ያንኑ ክፍተት በሁለቱም ጎን ደግማችሁ ለኩ።